ዳገት ላይ ባትን የሚይዝ ሕመም፦ "ብርድ ነው" ብላችሁ አትለፉት

የወርቅ ሰሪው ልጅ · ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው በአባዬ ምክንያት ነው። ረዘም ይላል። እግሩን የሚያመው ወላጅ ያላችሁ ግን እስከ መጨረሻው ብታነቡት ደስ ይለኛል።

አባዬ 67 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፒያሳ ወርቅ ሲሠራ ኖሯል። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ፣ ሲጋራው ከአጠገቡ ሳይጠፋ። ከ40 ዓመት በላይ በቀን አንድ ፓኮ አጭሷል። ደም ግፊትም አለበት።

ከሁለት ዓመት በፊት ገደማ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከፖስታ ቤት ተነስተን በቸርችል ወደ ማዘጋጃ ቤት ስንወጣ መሀል ላይ ይቆማል። ደክሞኛል አይልም። ሱቅ ያያል። ጫማ ያያል፣ ሰዓት ያያል። "ይሄ ስንት ይሆን?" ይለኛል። መግዛት አይፈልግም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆሞ "በይ እንሂድ" ይላል። ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ ሌላ ሱቅ። እኔ ጡረታ ከወጣ በኋላ ያመጣው አመል መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን አጥብቄ ጠየቅሁት። "ቀኝ ባቴን አንቆ ይይዘኛል" አለኝ። ሲቆም ይለቀዋል። ሲሄድ ይመለስበታል። ተቀምጦ ሲውል ምንም የለበትም። ሜዳ ላይ ራቅ አድርጎ ይሄዳል። ዳገት ላይ ቶሎ ይይዘዋል።

ቤት ውስጥ ሁላችንም "ብርድ ነው" አልን። እማዬ ጨው በገባበት ሙቅ ውሃ ትዘፈዝፍለታለች። ማታ ማታ በቅባት ይታሻል። አንድ ክሊኒክ ወሰድነው፤ "ሪህ ነው" ተባለ። ለወራት የሕመም ማስታገሻ ዋጠ፣ የቫይታሚን መርፌ ተወጋ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ካልሲውን አስወልቆ እግሩን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ኋላ ላይ ከቤት መውጣት ተወ። እሑድ ጊዮርጊስ መሄድ ቀረ። ከጓደኞቹ ጋር ቡና መጠጣት ቀረ። "እርጅና ነው፣ ተይኝ" ይላል። ያኔ ነው ደንግጬ ሌላ ቦታ የወሰድኩት።

የገባንበት ሐኪም ወጣት ነው። መጀመሪያ የጠየቀው "ምን ያህል ሄደው ነው የሚያቆምዎት?" ብሎ ነው። ቀጥሎ "ሲቆሙ በስንት ደቂቃ ይለቅዎታል?" አለ። ከዚያ ሁለቱንም ካልሲ አስወለቀው። ቀኝ እግሩ ከግራው ይቀዘቅዛል። ቆዳው ሳስቶ ያብረቀርቃል። የባቱ ፀጉር ረግፏል፤ ጥፍሩ ወፍሯል። እኔ ልጁ ሆኜ አንዱንም አላየሁም ነበር። ሐኪሙ ጣቱን የጫማ ክር በሚታሰርበት ቦታ ላይ አሳርፎ ዝም አለ። ግራው ላይ ትርታ አለ። ቀኙ ላይ የለም።

ከዚያ የግፊት መለኪያውን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሰረ። ክንዱ ላይ የላይኛው ቁጥር 150 ነበር። ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ላይ 90። ዘጠናውን ለመቶ ሃምሳ አካፈለው፤ 0.6 ሆነ። "ጤነኛ እግር 1 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ከ0.9 ጀምሮ ወደ ታች ደም ወሳጅ ቧንቧው ጠቧል እንላለን" አለን።

ለሁለት ዓመት ብርድ ያልነው ይሄ ነው። የእናንተ ቤት ውስጥስ እንዲህ የሚያደርገው ሰው አለ?

---

ሚኒባስ 41 · ማክሰኞ ማታ 3፡25

እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። የኔን ልንገርሽ። 41 ዓመቴ ነው። ከሜክሲኮ ነው የምሠራው፣ ከጠዋት 12 ሰዓት እስከ ማታ 2 መሪ ላይ ነኝ። ማታ እግሮቼ ያብጣሉ። ካልሲው ቆዳዬ ላይ ቀለበት ሠርቶ ይቀራል። ጠዋት ስነሳ የለም። ባቴ ላይ አረንጓዴ ደም ስር ተጠማዞ ወጥቷል። ከባድ ሸክም የተሸከምኩ ይመስለኛል እንጂ እንደ አባትሽ ሲሄዱ የሚያንቅ ነገር የለብኝም። እንዲያውም ስሄድ ይሻለኛል። ትራስ ላይ ስሰቅለውም ይቀልለኛል። ይሄም ያው የደም ዝውውር ነው?

---

ሲስተር ከካዛንቺስ · ማክሰኞ ማታ 4፡10

ሁለታችሁም ጥሩ ጻፋችሁ። 22 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ይህ ነገር ሲምታታ ብዙ አይቻለሁና ላስረዳ።

ደም ወደ እግር የሚወርድበትና ወደ ልብ የሚመለስበት መንገድ ይለያያል። የሚያወርደው ደም ወሳጅ ነው። የሚመልሰው ደም መላሽ ነው። "የእግር ደም ዝውውር ችግር" ስንል አንዱ ወይም ሌላው ማለታችን ነው፤ ምልክታቸውም ሕክምናቸውም ለየቅል ነው።

የወርቅ ሰሪው ልጅ አባት የታመመባቸው ደም ወሳጁ ነው። ስብና ካልሲየም በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት እየተጠራቀመ ያጠበዋል። ሰው ሲቀመጥ ጡንቻው የሚፈልገው ደም ትንሽ ስለሆነ በጠባቡም ቢሆን ይደርሳል። ሲራመድ ግን ባት ብዙ ኦክሲጅን ይፈልጋል፤ ዳገት ላይ ደግሞ የበለጠ። ያኔ ደሙ አይበቃውም፣ ጡንቻው ይጮኻል። ሲቆሙ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ሕመሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። ስለዚህ ነው በየቀኑ ተመሳሳይ ርቀት ላይ የሚይዘው። ብርድ ርቀት አይቆጥርም። ሪህም አይቆጥርም።

ሱቅ ያያሉ ያልሽው ልቤን ነካው። ጀርመኖች ይህን ሕመም የሱቅ መስኮት በሽታ ይሉታል። እዚያም ታማሚው ሕመሙን ለመደበቅ በየመስኮቱ ስለሚቆም ነው። አባትሽም ያንኑ ነው ያደረጉት።

ሕመሙ የሚሰማበት ቦታ ደግሞ መጥበቡ የት እንደሆነ ይጠቁማል። ባት ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጭን ውስጥ ያለው ቧንቧ ነው። ጭንና መቀመጫ ላይ ከሆነ ከሆድ በታች ያለው ትልቁ ነው፤ በወንዶች ላይ ይህ ከስንፈተ ወሲብ ጋር አብሮ ሊመጣ ይችላል። ሐኪም ሲጠይቃችሁ አትፈሩ፣ አትደብቁ።

ሚኒባስ ወንድሜ፣ ያንተ አባባል ደም መላሹን ነው የሚመስለው። ደም ከእግር ወደ ልብ የሚወጣው ሽቅብ ነው። የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው፤ ስትራመድ እየጨመቀ ያወጣዋል። በቧንቧው ውስጥ ያሉ ትንንሽ በሮች ደግሞ ደሙ ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጋሉ። ቀኑን ሙሉ ስትቀመጥ ወይም ስትቆም ጡንቻው አይጨምቅም። በሮቹ ሲላሉ ደሙ ታች ይጠራቀማል። እብጠቱ፣ ክብደቱ፣ የተጠማዘዘው ደም ስር የዚያ ውጤት ነው። ሹፌሮች፣ አስተናጋጆች፣ መምህራን፣ ቀኑን ሙሉ ምጣድ ሥር የሚቆሙ እናቶች ላይ አያለሁ። ወፈር ያሉና ብዙ የወለዱ ሴቶች ላይም ይበዛል። ሲቆይ ከቁርጭምጭሚት በላይ ቆዳው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ያሳክካል፤ በውስጠኛው በኩልም ቁስል ያወጣል።

ቤት ውስጥ እንድትለዩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እግር ሲሰቀል የሚሻለው ደም መላሹ ነው። ሲሰቀል የሚብሰው፣ ወደ ታች ሲንጠለጠል የሚሻለው ደም ወሳጁ ነው። አንድ ሰው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በእግሩ ጣቶች ሕመም ተነስቶ እግሩን ከአልጋው ወደ ታች ካንጠለጠለ፣ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጦ ካነጋ፣ ቀጠሮ አትጠብቁለት። ያ እግር በዕረፍት ጊዜም ደም አልበቃውም ማለት ነው።

አንተ ግን ሁለቱም እግሮችህ እኩል የሚያብጡ ከሆነ ልብህንና ኩላሊትህንም ይዩልህ። ሁለት እግር ሲያብጥ ምክንያቱ ሁልጊዜ እግር ላይ አይደለም።

---

ሚኒባስ 41 · ማክሰኞ ማታ 4፡22

ሲስተር እግዜር ይስጥልን። ነገ ተራ ስጠብቅ ወርጄ እራመዳለሁ። ምርመራውንም በዚህ ሳምንት።

---

የስድስት ኪሎ ጡረተኛ · ረቡዕ ጠዋት 2፡15

ልጄ፣ ጽሑፍሽን አነበብኩ። እኔም ስሄድ እግሬን ያመኛል፤ ግን የኔ የተገላቢጦሽ ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ቁልቁል ስወርድ ይብስብኛል። ዳገት ስወጣ ይሻለኛል። ቆሜ ማረፍ አይጠቅመኝም። መቀመጥ አለብኝ፣ ወይም አጥር ደገፍ ብዬ ጎንበስ ማለት። የልጅ ልጄን ጋሪ እየገፋሁ ስሄድ ደግሞ ምንም አይሰማኝም። ይሄስ ከምንድን ነው?

---

ሲስተር ከካዛንቺስ · ረቡዕ ጠዋት 4፡05

ጋሼ፣ እንዴት አድርገው ነው የተከታተሉት! የነገሩኝ ከወገብ የሚመጣውን ይመስላል። የአከርካሪ ቦይ ሲጠብ ነርቮቹን ይጨምቃል። ጎንበስ ሲሉ ቦይው ይሰፋል፣ ቀና ሲሉ ይጠባል። ቁልቁለት ላይ ሰውነት ወደ ኋላ ቀና ስለሚል ይብሳል። ዳገት ላይና ጋሪ ሲገፉ ጎንበስ ስለሚሉ ይቀልላል። የደም ወሳጁ ሕመም ግን ቀጥ ብሎ በመቆም ብቻ ይለቃል፤ ዳገት ደግሞ ጠላቱ ነው። ለሐኪምዎ ልክ እዚህ እንደጻፉት አድርገው ይንገሩ። ያም ሆኖ የእግርዎን ትርታ ያስለኩ። በእርስዎ ዕድሜ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

---

ባለ ሱቅ መርካቶ · ረቡዕ ከሰዓት 9፡30

እኔ ስኳር ካለብኝ 14 ዓመት ሆኖኛል። ስለ ሙቅ ውሃው ስትጽፊ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሐምሌ ላይ ነው። ዝናቡ አልቆም ብሎ እግሬ በረዶ ሆኗል። ማታ ቤት ገብቼ ከሰል ምድጃው አጠገብ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ዜና አየሁ፣ ራቴን በላሁ። ባለቤቴ ናት ሽታውን ያወቀችው። የግራ እግሬ ትልቁ ጣትና ቀጣዩ ቆዳቸው ተልጧል። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ምንም!

ቁስሉ አልድን አለ። ሦስት ሳምንት በየቀኑ ፋሻ እየቀየርኩ ሱቄን ከፈትኩ። "ቁስሉ ስለማያመኝ ቀላል ነው" ብዬ ነበር። ሆስፒታል ስደርስ ጣቶቹ ጠቁረዋል። ሁለቱም ተቆረጡ። ሐኪሟ በኋላ ያስረዳችኝ ነገር ነው የማይረሳኝ። ስኳሩ ነርቬን ስላደነዘዘው ቃጠሎው አልተሰማኝም። ደም ወሳጆቼንም ስላጠበባቸው ቁስሉ እንዲድን የሚያስፈልገው ደም አልደረሰም። ሁለቱ ተደራርበው ነው ጣቶቼን የበሏቸው።

ከዚያ በፊት ለዓመታት እግሬን ማታ ማታ ያቃጥለኝ ነበር፣ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለኝ ነበር። ባት ላይ የሚያንቅ ሕመም ግን አልነበረብኝም። ስለዚህ ስኳር ያለባችሁ፣ እንደ አባቷ ሲሄዱ የሚያም ነገር እስኪመጣ አትጠብቁ። እኛ ላይ ሕመሙ ሳይመጣ ቁስሉ ሊቀድም ይችላል።

---

ሲስተር ከካዛንቺስ · ረቡዕ ማታ 1፡50

ወንድሜ፣ ይህን ስላካፈልከን እግዚአብሔር ያክብርህ። አንተ የጻፍከውን እኔ በአሥር ትምህርት አላስተምረውም።

ስኳር ላለባችሁ ልጨምር። በናንተ ላይ የቁርጭምጭሚት ልኬቱ ሊያታልል ይችላል። ቧንቧው በካልሲየም ስለሚደነድን መለኪያው ሊጨምቀው አይችልም፤ ቁጥሩ ከ1.4 በላይ ይወጣል። "ከፍ አለ፣ ጥሩ ነው" ማለት አይደለም። ያኔ የእግር ጣት ግፊት ወይም ዶፕለር አልትራሳውንድ (የደሙን ፍሰት የሚያሳይ ምርመራ) ያስፈልጋል።

ማታ ማታ ካልሲያችሁን ስታወልቁ እግራችሁን እዩ። ውስጥ እግሩን ለማየት መስታወት ወለል ላይ አድርጉ፤ ዐይናችሁ ከደከመ ልጅ ይይላችሁ። በጣቶች መሀል እዩ። ውሃ ስታዘጋጁ በክርን ሞክሩት፣ በእግር አይደለም። ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት እጃችሁን አስገብታችሁ ጠጠር መኖሩን ፈትሹ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ጫማ ይወለቃል፤ ይህ የማይቀር ነው። ወፍራም ንጹሕ ካልሲ አድርጉ፣ ግቢው ውስጥ ጠጠርና የጋለ ድንጋይ ላይ ባዶ እግራችሁን አትሂዱ፣ ቤት ስትገቡ እግራችሁን እዩ።

---

የእማማ ታናሽ · ሐሙስ ጠዋት 3፡20

እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የዳሌ አጥንቷን ኦፕራሲዮን ሆና ተኝታ ነው ያለችው። ከትናንት ጀምሮ ግራ እግሯ ብቻ አብጧል። ባቷን ስነካት ያማታል፣ ይሞቃል። ጎረቤት "ደሟ ረግቶ ነው፣ ይታሽ" ብለው ለዛሬ ከሰዓት ወጌሻ ጠርተዋል። ይታሽ ወይስ ይቅር?

---

ሲስተር ከካዛንቺስ · ሐሙስ ጠዋት 3፡28

አይታሽ! ወጌሻውን አስቀሪ። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃት፣ ዛሬ።

አንድ እግር ብቻ በድንገት ሲያብጥ፣ ሲሞቅና ሲያም፣ በተለይ ከኦፕራሲዮን ወይም ከረጅም መተኛት በኋላ፣ ጥልቅ ደም መላሽ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ጎረቤቶቻችሁ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ረግቶ ከሆነ ግን ማሸት የረጋውን ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ያ ይገድላል። ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት፣ ደም ካሳላት ወይም ራሷን ከሳተች አምቡላንስ ጥሪ፤ 907 ቀይ መስቀል ነው።

ምን እንደተባለች ንገሪን።

---

የእማማ ታናሽ · ሐሙስ ማታ 3፡40

አልትራሳውንድ ተነሳች። ጭኗ ድረስ ረግቷል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ጀምረውላት ተኝታለች። ትንፋሿ ደህና ነው። ወጌሻው ራሱ ደውሎ "እንኳን ቀረሁ" አለኝ። ሲስተር፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። እግዚአብሔር ይስጥሽ።

---

የወርቅ ሰሪው ልጅ · ሐሙስ ማታ 4፡00

እማማን እግዚአብሔር ይማራቸው። ይህን ለአባዬ ሳነብለት ተነስቶ ጸለየላቸው።

---

የቀበናዋ እናት · ዓርብ ጠዋት 4፡45

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ መድኃኒት ነው የምታወሩት። እኛ ያደግነው ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ፌጦ፣ ዝንጅብል እየወሰድን ነው። ደምን ያጠራል። ባለቤቴም እግሩን ሲያመው ይህንኑ ነው የምሰጠው። ደግሞ ልጄ ፋርማሲ ውስጥ ጥብቅ የሆነ ረጅም ካልሲ አይታ ልግዛለት ብላለች። ምን ትላላችሁ?

---

የወርቅ ሰሪው ልጅ · ዓርብ ከሰዓት 8፡10

እማዬ፣ የኔም እናት ነጭ ሽንኩርቱን አልተወችም፤ ምግቡ ላይ አለ፣ አባዬም ይወደዋል። ቧንቧ ውስጥ ለ40 ዓመት የተጋገረውን ግን አይፈታውም። እኛ ለሁለት ዓመት የሞከርነው እሱን ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት አባዬ ሲጋራውን አላቆመም፣ የኮሌስትሮል መድኃኒት አልወሰደም። የሚቆጨኝ ሽንኩርቱን መስጠታችን አይደለም። በእሱ ረክተን መቀመጣችን ነው። እባክዎ ባለቤትዎን፣ ጋሼን ያስመርምሯቸው። አጎንብሼ ነው የምለምንዎት።

---

ሲስተር ከካዛንቺስ · ዓርብ ማታ 1፡15

ካልሲውን እናቴ፣ ሳያስለኩ እንዳያደርጉላቸው። ጥብቅ ካልሲ ለሚኒባሱ ወንድማችን ዓይነት እብጠት መድኃኒት ነው። ደም ወሳጁ ለጠበበ እግር ግን በጠብታ የሚደርሰውን ደም ያንቀዋል። ቁስል ያመጣል፣ እግርም ያሳጣል። አንዱን የሚያድን ነገር ሌላውን ይጎዳል። መጀመሪያ የቁርጭምጭሚት ልኬት፣ ከዚያ ካልሲ። ነጭ ሽንኩርቱን ወጥ ውስጥ ይጨምሩት እንጂ በብዛት ለብቻው አይስጧቸው፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከጀመሩ አብሮ ሊያደማ ይችላል።

ኢንቦክስ አንድ ሰው የጠየቀኝንም እዚሁ ልመልስ። ገጠር ያሉ አጎቱ ሁለት እግራቸው ለዓመታት እያበጠ፣ ቆዳው እየሻከረ ሄዷል። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ያረሱ ገበሬ ናቸው። ያ ፖዶኮኒዮሲስ ሊሆን ይችላል። ከደም ቧንቧ ሳይሆን ከሊምፍ መስመር፣ ማለትም ከሰውነት የተረፈውን ፈሳሽ ከሚመልሰው መስመር ነው፤ ዝንባሌው በቤተሰብ ይወረሳል፣ እርግማን ግን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ጫማና እግርን ከፍ ማድረግ ብዙ ያሻሽለዋል።

ሌላው፣ በድንገት የሚመጣውን አልነገርኳችሁም። ደህና የነበረ እግር በአንዴ ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ፣ በኃይል ካመመ፣ ከደነዘዘ፣ ጣት ማንቀሳቀስ ካቃተ፣ ቧንቧው ድንገት ተዘግቷል ማለት ሊሆን ይችላል። የልብ ምት መዛባት ያለባቸው ላይ ከልብ የተነሳ የረጋ ደም ይህን ያደርጋል። "ይንጋና እናየዋለን" አይባልም። ጡንቻው የሚታገሠው ስድስት ሰዓት ያህል ነው።

---

ሚኒባስ 41 · ዓርብ ማታ 2፡05

ተመረመርኩ። ልቤም ኩላሊቴም ደህና ነው። ደም መላሽ ነው ተባልኩ፣ ትርታዬ ሙሉ ነው፣ ካልሲ ታዘዘልኝ። የወርቅ ሰሪው ልጅ፣ አባትሽ አሁን እንዴት ናቸው? ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ?

---

የወርቅ ሰሪው ልጅ · ቅዳሜ ጠዋት 5፡30

እንኳን ደህና ሆንክ! ስለ አባዬ ሁላችሁም እየጠየቃችሁኝ ስለሆነ በደንብ ልጻፈው።

ሐኪሙ መጀመሪያ ያወራው ስለ እግሩ አልነበረም። "እግር ላይ የጠበበ ቧንቧ፣ ልብ ላይም አንገት ላይም ሊኖር ይችላል" አለን። እንዲህ ያለ እግር ያለው ሰው ላይ የድንገተኛ ልብ ሕመምና የስትሮክ ስጋቱ ከሌላው ይበልጣል። ስለዚህ አስፒሪንና የኮሌስትሮል መድኃኒት ጀመረለት፤ የግፊቱንም አስተካከለ። አስፒሪን ጨጓራ ያደማልና ከጎረቤት ተቀብላችሁ አትጀምሩ።

ሲጋራውን አቆመ። ይህን በአንድ መስመር ስጽፈው ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ቤቱ ከባድ ነበር። ይቆጣል፣ አይተኛም፣ በረንዳ ላይ ብቻውን ይቆማል። እማዬ የተቆላ ገብስ በኪሱ ታስይዘው ነበር። እጁ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነው ብላ። ሐኪሙ "ከሁሉም መድኃኒት ይሄ ይበልጣል" ስላለው ጸና።

ኦፕራሲዮን ለጊዜው አያስፈልገውም ተባለ። በፊኛ መክፈት፣ ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ መረብ) ማስገባት፣ በሌላ ቧንቧ ማሻገር የሚባሉ አሉ። እነሱ የሚታዩት ሌሊት ሕመም ወይም የማይድን ቁስል ሲመጣ፣ ወይም ሌላው ተሞክሮ ኑሮው ካልተስተካከለ ነው።

የታዘዘለት መራመድ ነው። ስሰማ ግራ ገባኝ። የሚያመው ሲራመድ አይደል እንዴ? ሐኪሙ አስረዳን። ባቱ በደንብ እስኪይዘው ይሄዳል። ከዚያ ይቆማል። ሲለቀው እንደገና ይሄዳል። ዕረፍቱን ጨምሮ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት። ጡንቻው ባለው ትንሽ ደም መሥራት ይለምዳል፤ በዙሪያው ያሉ ትንንሽ ቧንቧዎችም ይረዱታል። ሕመሙ እግሩን የሚጎዳው አይደለም። ቁስል ካለ ወይም ሳይራመዱም ካመመ ግን በራሳችሁ አትጀምሩት።

በሜዳ ጀመርን፣ ከለገሃር ወደ ስታዲየም። መጀመሪያ ቀን አራት ደቂቃ ሳይሞላ ያዘው። ደብተር ገዛሁ። ስንት ደቂቃ ሄደ፣ ስንት ቆመ፣ እጽፋለሁ። የሁለተኛው ሳምንት ገጽ ላይ ምንም ለውጥ የለም። በሦስተኛውም የለም። አባዬ "ይሄ ነገር ይሠራል?" እያለ ነበር። አምስተኛው ሳምንት ላይ ሰባት ደቂቃ ሄደ። ዘጠነኛው ላይ አሥራ አንድ።

አሁን 14ኛው ሳምንት ላይ ነን። ባለፈው ሳምንት "ቸርችልን እንሞክር" አለኝ ራሱ። ከፖስታ ቤት ተነሳን። ቴዎድሮስ አደባባይ ስንደርስ ያዘው፣ ቆመ። ይህን ጊዜ ግን ሱቅ አላየም። "ያዘኝ፣ ጻፊ" አለኝ። ሰዓቱን ጻፍኩ። ሁለት ደቂቃ ቆይተን ቀጠልን። ማዘጋጃ ቤት ሳንደርስ አንዴ ብቻ ደግሞ ቆመ። ላይ ስንደርስ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፊት ለፊት ቆሞ ወደ ታች፣ ወደ ለገሃር ለረጅም ጊዜ አየ።

ነገ እሑድ ጊዮርጊስ ይሄዳል።

---

የቀበናዋ እናት · ቅዳሜ ማታ 1፡20

ልጄ፣ አስለቀስሽኝ። ጋሼን ትናንት ወስደን አስለካናቸው። 0.7 ነው አሉን። መራመድ ታዘዘላቸው። ብቻቸውን ግን እምቢ አሉ። አባትሽ በስንት ሰዓት ነው የሚወጡት?

---

የወርቅ ሰሪው ልጅ · ቅዳሜ ማታ 1፡26

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ለገሃር። አዲስ ለሚጀምር ሜዳው ይሻላል፤ አባዬም አብሯቸው ሜዳውን ይሄዳል። ጋሼን ይላኳቸው፣ ደብተሩን ለሁለቱም እኔ እይዛለሁ።